የቀንድ አውጣው ጉብታ

አክስቴን በመሥሪያ ቤቷ «እትዬ ሜትር» ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣላት ግን ከእሷ ጋር ግማሽ ቀን የዋለ ሰው ሁሉ ይገባዋል። የብረት ሜትሯ ከቦርሳዋ ተለይቶ አያውቅም። ካፌ ስንገባ ከመቀመጧ በፊት የጠረጴዛውን ከፍታ ትለካለች። ጎረቤት አዲስ ሶፋ ሲያስመጣ በረንዳ ላይ ቆማ በዓይኗ ትመዝነውና «በአራት ሳንቲሜትር አይገባም» ትላለች። ተሸካሚዎቹ ይስቃሉ፤ ሶፋው ግን እውነትም በአራት ሳንቲሜትር ምክንያት ደጅ ያድራል። ለምን እንዳላገባች የሚጠይቋት ሰዎች ነበሩ። «በልኬ የተሠራ ጠፋ» ብላ ትስቃለች፤ ጠያቂውም አብሯት ይስቅና ጥያቄው እዚያው ይቀራል።

ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት መጥቼ እሷ ቤት ስገባ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በከተማው የመናፈሻዎች ክፍል ንድፍ ስትሠራ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏታል። የነደፈችው ግን ሰው ልብ ብሎ የማያየውን ነገር ነው፤ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ የአጥር መሠረት፣ የመኪና ማቆሚያ መስመር። አብረን ስንሄድ ድንገት ቆም ትልና በጫማዋ ጫፍ መሬቱን ነካ አድርጋ «ይቺ የኔ ናት» ትለኛለች። ዝቅ ብዬ ሳይ የቦይ ክዳን ነው። ዝናብ ሲጥል ሌላው ወደ ጥግ ሲሸሽ እሷ ጃንጥላዋን ዘርግታ ትቆምና ውኃው በቀደደችለት መንገድ ሲወርድ ታያለች። ሰው ቦይ ሊወድ እንደሚችል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ቤቱ ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እሷ፣ እኔ፣ እና ታናሽ ወንድሟ ሰዓት ሠሪው። አጎቴ በሦስት ዓመቱ ትኩሳት ይዞት እግሮቹ ዝለው ቀርተዋል። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው። ሥራውን የሚሠራው ወደ መንገድ በሚከፈተው የፊት ክፍል መስኮት ሥር ነው፤ ደንበኞች ሰዓታቸውን በመስኮቱ ያቀብሉታል፣ በመስኮቱ ይቀበሉታል። አጉሊ መነጽሩን በቀኝ ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ብሎን በመቆንጠጫ ሲያነሳ እኔ ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ ሳላውቀው ትንፋሼን እይዛለሁ። እጆቹ እንደዚያ ለስላሳ ይሁኑ እንጂ ምላሱ ምላጭ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ መጥታ ሰዓቷ እያዘገየባት እንደሆነ አማረረች። ከፍቶ አየውና መለሰላት። «ሰዓቱ ጤነኛ ነው እመቤቴ። እርስዎን ነው መክፈት ያለብኝ።»

ከምላሱ ዋናውን ድርሻ የምታገኘው አክስቴ ናት። በደህና ጊዜ «እታለም» ይላታል፤ ሊተርባት ሲፈልግ «ወይዘሮ ኢንጂነር» ትሆናለች። የሠራችውን ንድፍ ሁሉ ወደ ቤት አምጥታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች፤ እሱ ወንበሩን እየገፋ ይመጣል።

«ይሄ ምንድነው? ቱቦ ነው ወይስ ምጥ የያዘው እባብ?»

«አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ ስህተት ካለው ንገረኝ።»

«እባቡ ነፍሰ ጡር ከሆነ ስህተት የለውም።»

እሷ ትስቃለች፤ ግን የተረበውን ቦታ በእርሳስ ምልክት ታደርግበታለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ንድፍ ሳይተርበው ወደ ቢሮ ተመልሶ አያውቅም። እንደ ማኅተም ነበር።

ጡረታ ልትወጣ አንድ ዓመት ሲቀራት አንድ ደብዳቤ ደረሳት። በከተማው መሐል ባለው ትልቁ መናፈሻ ውስጥ የዛጉት ዥዋዥዌዎች ተነቅለው አዲስ የልጆች መጫወቻ ሊሠራ ነው። መጫወቻው ከተፈጥሮ የተቀዳ እንዲሆን፣ የሚራመደውም የማይራመደውም፣ የሚያየውም የማያየውም፣ ጫጫታ የሚያስጨንቀውም ልጅ ሁሉ እንዲጫወትበት ተፈልጓል። ሥራውን መጀመሪያ የያዘው መሐንዲስ ወደ ሌላ ቦታ ስለተዛወረ ወደ እሷ ዞረ። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፣ አወጣችው፣ አራተኛ ጊዜ አነበበችው።

«ሰው የሚረግጠውን ነገር እንጂ ሰው የሚደሰትበትን ነገር ነድፌ አላውቅም» አለችኝ። ፈርታ ነበር። እንደዚያ ፈርታ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ሥራዋን የጀመረችው በጉልበቷ ነው። እውነቴን ነው፤ መናፈሻው ውስጥ ገብታ ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች፣ በጉልበቷም መሄድ ጀመረች። የአምስት ዓመት ልጅ ዓይን ከመሬት የሚርቀውን ያህል ለክታ፣ የራሷን ዓይን እዚያ አድርሳ ዓለምን ልታይ ነው። ጥበቃው ከሩቅ ሲያያት ቆይቶ አላስቻለውም፤ ዱላውን ብብቱ ሥር ወትፎ መጣ።

«እትዬ፣ ምን ጠፋብዎት? ቀለበት ነው?»

«ምንም አልጠፋኝም። ቁመቴን አሳጥሬ እያየሁ ነው።»

«ዕድሜ ቀስ ብሎ የሚሠራልዎትን ነገር ምን አለፋዎት?» አለና እሱም አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ትንሽ ዙሪያውን ተመለከተ። «እዚህ ሲሆኑ ኩሬው አይታይም ለካ» አለ ቀስ ብሎ። አክስቴ ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈችው። ከአዋቂ ቁመት ሲታይ የሚያምረው ኩሬ ለልጅ በአግዳሚ ወንበሮቹ ጀርባ ተጋርዷል። የቧንቧው አፍ በሃያ ሳንቲሜትር ይርቃል። እሾሃማው ቁጥቋጦ ልክ በልጅ ዓይን ትክክል ነው።

በሌላ ቀን ዓይኗን በሻሽ አስራ፣ ክንዴን ይዛ መናፈሻውን ዞረች። አንድ ዛፍ ሥር ስንደርስ ነፋስ መጣና የደረቁት ፍሬዎች በቅርፊታቸው ውስጥ መንሿሿት ጀመሩ። ቆመች። ዓይኗ እንደታሰረ ፊቷን ወደ ላይ አቀናች። «ይሄን ዛፍ ማንም እንዳይነካው» አለች። ያንን ዛፍ ስንት ጊዜ ከሥሩ አልፌያለሁ፤ የሚናገር መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ንድፉ በሁለት ወር አለቀ። ነፋስ የጣለው ግዙፍ ግንድ ቅርፊቱ እንዳለ ይጋደማል፤ ልጆች ይወጡበታል፣ ይዳብሱታል። ፀሐይ የሚያሞቃቸው ትልልቅ ድንጋዮች አሉ። ከወፍራም ገመድ የተሠራ የወፍ ጎጆ አለ፤ ሦስት ልጅ አንድ ላይ ተኝቶ ይወዛወዝበታል። ጫጫታ ለሚያስጨንቀው ልጅ ከለጋ ቅርንጫፍ የተጎነጎነ፣ አንድ ሰው የሚያስገባ ዋሻ አለ። ናና እና ሌላም ሽታ ያለው ቅጠል የተተከለበት አጥር አለ። መሐል ላይ ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ አለ፤ በግንድ ደረጃዎች ይወጣበታል፣ ከላይ ሆኖ ኩሬው ይታያል። ከሁሉ ይበልጥ የለፋችበት ግን «ልዩ ማዕዘን» ብላ የሰየመችው ቦታ ነው። በሩ አጠገብ፣ በትልቁ ዛፍ ጥላ ሥር፣ መሬቱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ። በዊልቸር የሚመጡ ልጆች ጉልበታቸው ከሥሩ የሚገባበት ከፍ ያለ የውኃ ቦይ፣ የአሸዋ ገበታ፣ ለእናቶች መቀመጫ። ፀሐይ አይደርስበት፣ አቧራ አይደርስበት፣ የሚሮጥ ልጅ አይገፋቸው።

የክፍሉ ኃላፊ ድሮ እርሳስ አያያዝ ያስተማረችው ልጅ ነው፤ አሁን አለቃዋ ሆኗል። ንድፉን አየና መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«እትዬ፣ አንጀቴን የበላችው ይቺ ማዕዘን ናት» አላት። «የበላይ አለቆች ሲያዩዋት ሌላ ጥያቄ አይጠይቁም።»

ንድፉን ጠቅልላ ወደ ቤት እየበረረች መጣች። ጠረጴዛውን ጠረገች፣ ወረቀቱን ዘረጋች፣ አራቱን ማዕዘን በአራት ብርጭቆ አስያዘች። አጎቴ መጣ። አጉሊ መነጽሩን ሳያወልቅ አቀርቅሮ አየ። ግንዱን አየ፣ ጎጆውን አየ፣ ጉብታውን አየ፣ ማዕዘኑ ላይ ቆየ። እሷ እጆቿን አጣጥፋ የሚወርድባትን ትረባ ትጠብቃለች፤ ፈገግታዋን እንኳ አዘጋጅታለች።

«ጥሩ ነው» አለ። ወንበሩን አዙሮ ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

አክስቴ እኔን አየችኝ፣ እኔም እሷን። ያን ምሽት እራት አልበላችም። በማግስቱም «ጥሩ ነው» አለ። በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ፊት ለፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አንተ ልጅ፣ ሰደበኝ ብዬ ተቀይሜህ አላውቅም። አሁን ግን ልቀየምህ ነው። ምን አጠፋሁ?»

መቆንጠጫውን አስቀመጠ። አጉሊ መነጽሩን አወለቀ፤ ያለ እሱ ፊቱ ባዶ ይመስላል።

«እኔን ነው የሣልሽኝ፣ እታለም።»

«የት?»

«በሩ አጠገብ። ዛፉ ሥር።»

እሱ ቀጠለ፤ ድምፁ ሲተርብ ከሚሰማው ይልቅ የለሰለሰ ነበር።

«ከቤታችን ጀርባ ያለው ሜዳ ትዝ ይልሻል? ሁልጊዜ አዝለሽ ትወስጅኝ ነበር። ከሁሉ የሚሻለውን ጥላ መርጣችሁ፣ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፋችሁ፣ ከእናንተዋ የተሻለችውን ኳስ ለኔ ሰጥታችሁ ታስቀምጡኛላችሁ። ከዚያ እናንተ ወደ ፀሐዩ ትሮጣላችሁ። አንድ ሰው ብቻውን በኳስ ምን ያደርጋል? ጭኔ ላይ ይዤያት አመሻለሁ።»

«ፀሐዩ እንዳይመታህ ብለን እኮ ነው።»

«እናንተንስ አይመታም ነበር?»

ይሄኔ እንባዋ መጣ። እሱ ግን እንባ አይወድም፤ ወዲያው አቋረጣት።

«በይ አታልቅሺብኝ። አልበደላችሁኝም፤ ወደዳችሁኝ እንጂ። ችግሩ ስትወዱኝ ከሩቅ ነው። እነዚህም ልጆች በጣም ሲወደዱ ሊውሉ ነው።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሰው በፍቅር ብዛት ብቻውን ሊቀር እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር፤ ይህን የሰማሁት ደግሞ ከአንድ ሰዓት ሠሪ አፍ፣ በእሑድ ቀን፣ ሳህኖቹ ሳይነሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት አክስቴ ቢሮ ገብታ ንድፉ እንዲመለስላት ጠየቀች።

«ጉድ ፈላ» አለ ኃላፊው። «እትዬ፣ ወደ ላይ አልፏል እኮ። በተለይ ማዕዘኗን እንዴት እንደወደዷት ቢያዩ።»

«ማዕዘኗ ትቀራለች። ውኃውም አሸዋውም መሐል ይገባል። ጉብታው ደረጃ አይኖረውም፤ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል እየዞረ የሚወጣ አንድ መንገድ ይኖረዋል። ሁሉም ልጅ በዚያው ይወጣል።»

«ደረጃ የሚወዱ ልጆችስ?»

«ደረጃ የሚወጣ ልጅ በመንገዱም ይወጣል። በመንገዱ የሚወጣ ሁሉ ግን ደረጃ አይወጣም።»

ኃላፊው ግንባሩን አሸ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራው ሌላ ነው። የአፈር ጉብታ ላይ ዊልቸር ሰጥሞ ልጅ ቢገለበጥ ተጠያቂው እሱ ነው። አስቦ አስቦ አንድ ነገር ወሰነ። ጉብታውና መንገዱ መጀመሪያ ይሠሩ። ሥራው ባለቀ ቀን በዊልቸር የሚሄድ ሰው ማንም እጁን ሳያሳርፍበት እስከ ጫፍ ከወጣ፣ ንድፉ እንዳለ ይቀጥላል። ካልወጣ ጉብታው ይደለደላል፣ ልዩ ማዕዘኗም ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።

«ሰው ግን ይፈልጉ» አላት። «ልጅ አይሆንም። ራሱን የሚችል አዋቂ ይሁን።»

ማንን እንደምትጠይቅ ሁለታችንም እናውቃለን። ስትነግረው አጎቴ ሰዓት ከፍቶ ነበር፤ ቀና አላለም።

«እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። የሙከራ ዶሮ አይደለሁም።»

«ዶሮ አልኩህ?»

«አለቆችሽ ቆመው እያዩ፣ እኔ ላቤን እያንጠፈጠፍኩ! አይሆንም አልኩ አይሆንም። ሌላ ፈልጊ።»

ሌላ ፈለገች። አንዱ ከከተማ ወጥቷል፣ አንዱ ትከሻውን ታሟል። አክስቴ ግን ወንድሟን ደግማ አልጠየቀችውም። እንዲያውም በጣም ጨዋ ሆነችበት፤ ይህም ከጭቅጭቅ ይልቅ አናደደው። በሳምንቱ ሻይ ሳቀርብለት ድንገት ጠየቀኝ።

«ያቺ ጉብታ ከፍታዋ ስንት ነው?»

«አንድ ሜትር ተኩል።»

«መንገዷስ?»

«ሃያ አራት ሜትር።»

በልቡ አካፈለው። «መጥፎ አይደለም» አለ። ትንሽ ቆየና «እምቢ ያልኩት አፍሬ እንዳይመስልሽ» አለኝ። «ብወድቅ እኔ እነሳለሁ። ጉብታዋ ግን አብራኝ ትወድቃለች። ለሠላሳ አምስት ዓመት ቦይ ስትቆፍር ኖራ አንድ ነገር ከመሬት ከፍ አደረገች፤ እሱን በኔ ክንድ ላይ ታንጠለጥለዋለች?»

ይህንን ለአክስቴ ነገርኳት። ንድፉን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ትታው ወደ ኩሽና ገባች። እኔም ተከተልኳት። ከግድግዳው ወዲያ የወንበሩ ጎማ ሲንቀሳቀስ ሰማን። ከዚያ ወረቀቱ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ድምፁ መጣ።

«ወይዘሮ ኢንጂነር! ይሄን የላይኛውን ዙር የነደፈችው እግር ያላት ሴት ናት። ማረፊያ የታለ? እጄ የት ላይ ማረፍ እንደሚፈልግ እግርሽ ያውቃል?»

አክስቴ በእርጥብ እጇ አፏን ይዛ ሳቀች። ትረባው ተመልሷል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከሥራ ስትመለስ ሁለቱ ወረቀቱ ላይ አቀርቅረው አገኛቸዋለሁ። እሱ ለሰዓት መንኮራኩር የሚጠቀምበትን ቀጭን እርሳስ ይዞ መንገዱን ያሰፋል፤ በየስድስት ሜትሩ ለጥ ያለ ማረፊያ ያስገባል፤ በመንገዱ ዳር ዝቅ ያለ ግንድ ያስጋድማል። ግንዱ ጎማ እንዳይንሸራተት ይይዛል፤ ለማያይ ልጅም በትሩን አስጠግቶ የሚከተለው ይሆናል። ይህን ሁለተኛውን ያሰበችው እሷ ናት፤ «አይ አንቺ፣ አንዳንዴ ታስቢያለሽ» አላት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሰው ሳይነሳ ብቻውን ወጥቶ በጎረቤት ጋራዥ ፊት ያለውን ዳገት መውጣት መውረድ ጀመረ። መዳፉ ሲላጥ አይቼ ጨርቅ ሳመጣለት «ለእህቴ እንዳትነግሪያት» አለኝ። እሷም ቀደም ብላ በመጋረጃው ቀዳዳ አይታው ኖሮ «ማየቴን እንዳትነግሪው» ብላኛለች። ሁለቱንም ምሥጢር ይዤ መዞር በጣም ከበደኝ።

የሙከራው ዕለት ኮቱን ለብሶ ወጣ። የመስኮቱን መዝጊያ ዘጋ፤ በቀን ሲዘጋው አይቼ አላውቅም። በታክሲ ሄድን፣ ወንበሩ ከኋላ ተጫነ። መናፈሻው ውስጥ ስንገባ አንገቱን እያዞረ ማየት ጀመረ፤ ከቤታችን የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፣ እሱ ግን ገብቶበት አያውቅም። ገብቶ ምን እንደሚያደርግበት የነገረው ሰው ስላልነበረ።

ጉብታው ሣር ገና እየወጣበት ነው። መንገዱ የደቀቀ ድንጋይና ቀይ አፈር ተደባልቆ በሮለር የተጠቀጠቀ ነው፤ ኃላፊው፣ ሁለት ሠራተኞችና ጥበቃው ቆመዋል።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ ኃላፊው ተጨንቆ። «ማንም እንዳይነካዎት ነው ስምምነቱ።»

«ከሚስት ሌላ ማን ይነካኛል ብለህ ነው፤ እሷም የለችኝ» አለ አጎቴ፤ ጎማዎቹንም ጨበጠ።

የመጀመሪያውን ዙር በቀላሉ ወጣው። ማረፊያው ላይ ቆሞ እጁን አርገበገበ። ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ፤ ግን ትንፋሹን እንደ ሥራው ሁሉ እየመጠነ ነው። አክስቴ ከጉብታው ሥር ከእሱ ጋር ትዞራለች፤ እሱ ከላይ፣ እሷ ከታች፣ እርምጃዋን ከጎማው ጋር እያስተካከለች። ጫፉ ሊደርስ አራት ሜትር ሲቀረው ወንበሩ ቀጥ አለ።

እዚያ ጋ ሮለሩ መውጣት አልቻለም ነበር፤ በእጅ ነው የተጠቀጠቀው። የፊት ትንንሽ ጎማዎቹ ጠጠሩ ውስጥ ሰጠሙ። ገፋ። አልነቃነቅ አለ። ደግሞ ገፋ፤ ጎማው ይበልጥ ተቀበረ። ኃላፊው ጫማውን ማየት ጀመረ።

አክስቴ ሳታውቀው ዳገቱን በሣሩ በኩል ወጥታ አጠገቡ ደርሳለች። እጇ ወደ ወንበሩ ተዘረጋ። ሃምሳ ዓመት የተዘረጋ እጅ ነው፤ ማዘዝ አያስፈልገውም።

«እታለም» አለ ሳያያት። «እጅሽን ሰብስቢ።»

እጆቿን ወደ ኋላ ወስዳ አንዱን በአንዱ ጨበጠች። ከዚያ የበለጠ ከባድ ነገር ስትይዝ አላየሁም።

አጎቴ አሰበ። በመስኮቱ ሥር ሳየው እንደምኖረው ነው፤ የማይከፈት ሰዓት ፊት ሲቀመጥ አይታገልም፣ ይመለከተዋል። ከዚያ ወደ ኋላ ትንሽ ተንሸራተተ፣ ወደ ለጥ ያለው ማረፊያ ተመለሰ፣ ወንበሩን ሙሉ በሙሉ አዞረ። ፊቱ ወደ እኛ፣ ጀርባው ወደ ጫፉ ሆነ። ትልልቆቹን ጎማዎች አስቀድሞ በጀርባው መውጣት ጀመረ። ትልቁ ጎማ ጠጠሩን ጨፍልቆ አለፈ፤ ትንንሾቹም ተከትለው ተሳቡ። እኛ እያንዳንዱን ግፊቱን እያየን፣ እሱም እያንዳንዳችንን እያየ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ከፍ እያለ እያለ ሄደ። ሰው ወደ ላይ ሲወጣ ፊቱን አይቼ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ የምናየው ጀርባውን ነው።

ጫፍ ላይ ደረሰ። ወንበሩን አዞረና ኩሬውን አየ።

ጥበቃው ወደ ኃላፊው ጠጋ አለ። «በጀርባ የተወጣ ይቆጠራል እንዴ?» አለ በሹክሹክታ።

ኃላፊው አክስቴን አየ፣ ጉብታውን አየ። «ማንም እንዳይነካው ነው ያልኩት» አለ። «በየት በኩል አላልኩም።» ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ ድምፁን ኮስተር አደረገ። «ያንን ጠጠር አንሱትና አፈሩን አርጥባችሁ እንደገና ጠቅጥቁት። ልጆቹ በፊታቸው ነው የሚወጡት። እትዬ፣ የቀረውን ሥራ በዚህ ንድፍ እንቀጥላለን።»

አክስቴ አልሰማችውም። ዓይኗ ጫፉ ላይ ነው።

«ውረድ በቃ! ቀስ ብለህ፣ ጎማውን እየያዝክ!» አለችው።

«አልወርድም።»

«አንተ ልጅ፣ ሰው እየጠበቀን ነው።»

«ይጠብቅ። እናንተ ቆማችሁ ሁልጊዜ ይሄን ነበር የምታዩት?»

ሲወርድ ቀስ አላለም። ጎማዎቹን በመዳፉ እየዳበሰ፣ ኮቱ እየተውለበለበ፣ ዙሩን ተከትሎ እየፈጠነ መጣ፤ አክስቴ በመንገዱ መሐል ደርቃ ቀረች። ዓይኗን ጨፈነች። አጠገቧ ሲደርስ አንድ እጁን ከጎማው አንስቶ ትከሻዋን መታ አደረጋትና አለፈ።

«ነካሁሽ» አለ። «አባራሪ አንቺ ነሽ።»

ወንበሩ ታች ሣሩ ላይ ደርሶ ዞረና ቆመ። እያለከለከ፣ ለመሸሽ እጁን ጎማው ላይ አድርጎ ይጠብቃታል። ኃላፊው አለ፣ ሠራተኞቹ አሉ፣ ጥበቃው አለ። አክስቴ ዓይኗን ገለጠች። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ቦርሳዋን ለእኔ ወረወረችልኝ፣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰበሰበች፣ ቁልቁል ሮጠች።